ደህና ነን፣ አትቁም

ድሬዳዋ፣ በኅዳር

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህስ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ በሙቀት የምንታማ ሰዎች ባንሆንም፣ ነጋዴው ወርሳሜ እዚያ ነፋሱ ራሱ ያልበዋል ብሎ ስለነገረኝ አሳሰብከኝ። እኔም፣ ባለቤቴ ዲናም፣ ሰፈሩም አንተ በምትለምነው እኛም በምንለምነው በአንዱ ፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። እዚህ ማለዳው ቀዝቀዝ ማለት ስለጀመረ ሰው ሹራብ ከሣጥን እያወጣ ነው። ደገኛ ቢያየን በሳቅ ይሞታል።

ስልክ ጠጋኝ ሆኜ ላንተ የምደውልበት ቁጥር ስለሌለኝ፣ ይኸው እንደ አባቶቻችን ብዕር ጨበጥኩ። ታይዋን ገበያ ያለችውን ሱቄን በር ገርበብ አድርጌ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮችን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ ነው የምጽፍልህ። ወርሳሜ ልብስ ሊያመጣ ሲሻገር ይዞልህ ይሄዳል። ጽሕፈቴ እንደ ድሮው ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ታገሠኝ።

ጫማው ደርሶኛል። ፔዳሎቹም ደርሰውኛል። አመሰግንሃለሁ። ወሬ ከጀመርኩ ዋናውን እንደምረሳ ስለምታውቅ ይህን ቃል አስቀድሜ ጻፍኩት።

አትደንግጥ፣ ወርሳሜ መሐላውን አላፈረሰም። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ የላከልህን ሰው ስም እንዳልናገር አስምሎኛል አለኝ። እሺ ብዬ ሻይ አዘዝኩለት። ሻዩን ጨርሶ ሲነሣ፣ «የእናቱን ስም ግን አላስማለኝም። ቱሪያ ትባላለች» ብሎኝ ወጣ። ነጋዴ ሲምል ምን እንደሚያስቀር ከሱ ተማር።

መጀመሪያ ካርቶኑን ስከፍት ነገሩ አልገባኝም ነበር። ጫማው ቀላል ነው፣ ሶሉ ግን እንደ ጣውላ አይታጠፍም፤ ከሥሩ ደግሞ ብረት ተበስቶ ገብቶበታል። ዲና አገላብጣ አየችውና ይሄ የሚራመዱበት ነው ወይስ የሚያስፈራሩበት አለች። ይዤው ሚክዳድ ጋ ሄድኩ። ሚክዳድን ታስታውሰዋለህ፣ በብስክሌት ለከተማው ይወዳደር የነበረው ቀጭኑ ልጅ። አሁን ከዚራ ሰፈር ብስክሌት ይጠግናል፣ ሆድም አውጥቷል። መጀመሪያ ጫማውን አየ። ከዚያ እግሬን አየ። «አቦ፣ ይሄን የላከልህ ሰው እግርህን የሚያውቅ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቀኝ እግሬ ከዚያ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ከቁርጭምጭሚት በታች የኔ መሆኑን ረስቷል። ሐኪሞቹ ነርቩ ነው አሉ። መራመዱንስ ተራመድኩ፤ ብስክሌቱ ግን እንቢ አለኝ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ሳላውቀው ይንሸራተታል። አንድ ቀን የጎማው ሽቦ መሃል ገብቶ ደሜን እስካይ ድረስ አልሰማሁትም። ያን ዕለት ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ድሬ ተወልጄ፣ ሜዳ ላይ አድጌ፣ በየቀኑ ባጃጅ ጠባቂ ሆንኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ እዚያ ጅቡቲ ተቀምጠህ እንዴት እንዳወቅከው እንጃ።

እንግዲህ የዚህ ጫማ ጥበብ እንዲህ ነው። በጫማው ፊተኛ በኩል ፔዳሉን ረገጥ ስታደርገው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ እግርህ ቢሰማህም ባይሰማህም ከፔዳሉ አይነቃነቅም። ለማስለቀቅ ተረከዝህን ወደ ውጭ ታዞራለህ። ሚክዳድ ለኔ የተለየ ሕግ አወጣልኝ፦ ሁልጊዜ ግራውን ቀድመህ ፍታ፣ ወደ ግራ ዘንበል በል፣ ግራህን መሬት አስነካ፤ ቀኙን ከዚያ በኋላ ጉልበትህን በእጅህ ይዘህ ታዞረዋለህ። ወደ ቀኝ የዘነበልክ ዕለት ግን አለቀልህ አለ። «ደግሞ ወላሂ ትወድቃለህ። ይሄን ጫማ አድርጎ ያልወደቀ የለም፤ እኔም ገዢው ፊት ወድቄአለሁ» ብሎ አጽናናኝ።

በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከዚራ ካለው ግንብ ተደግፌ ማሰርና መፍታት ተማርኩ። ግንቡን ትቼ በዛፎቹ ሥር ብቻዬን የነዳሁበትን ጠዋት ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ? እግሬ ይዞር ነበር። ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ቀኙም ከግራው ጋር እኩል ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ማንም የሚያውቅበት የለም። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ አልፌ ታይዋን ድረስ ሄድኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር የአንዲቷን ቲማቲም ሻጭ መደብ ለጥቂት ነው የሳትኩት። ሴትየዋ የሰደበችኝን ስድብ በሦስት ቋንቋ ነው የሰማሁት፤ አንዱም አላስከፋኝም።

መንዳቱስ ቀላል ሆነ። የጣለኝ ሰላምታ ነው።

አገሩን ታውቀዋለህ። ሰው አይተህ አታልፍም። ሽማግሌ ከሆነማ መቆም አለብህ፣ ቆመህ እጅ መስጠት አለብህ፣ እጅ ስትሰጥ ደግሞ በቀኝ ነው። ሰው ያለው በቀኜ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ነው፤ የተቆለፈውና የማይሰማኝም እግር ቀኙ ነው። የመጀመሪያው ተጎጂ ጋሼ ኒቆዲሞስ ናቸው፣ የምድር ባቡሩ ጡረተኛ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ቆምኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጨበጥኳቸው፣ እንደተጨባበጥን አብረን ወደቅን። ባርኔጣቸው ከቦይ ውስጥ ነው የወጣው። እሳቸውም ልብሳቸውን እያራገፉ፣ አክብሮትህስ ደስ ይላል፣ ግን በሩቁ ይሁንልኝ አሉ።

በግራ እጄ ሰላም ልበል ብዬ ሞከርኩ፤ እንዴት እንዳዩኝ አልነግርህም። ሳልቆም አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ሳልፍም ኩራተኛ ሆነ ተባልኩ። ስለዚህ መቆሜንና መውደቄን ቀጠልኩ። ምን አለፋህ፣ በኋላ ሰፈሩ ራሱ መላ ፈጠረ። ከሩቅ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ደህና ነን፣ አትቁም ይሉኛል። አንዱ ለሌላው ያቀብላል። መንገዱን ሁሉ እንደዚያ እየተባልኩ ነው ሥራ የምገባው። ሚክዳድ የሰማ ዕለት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደገና አስተማረኝ፤ እሱ በቀኜ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፣ እኔ ግራዬን ፈትቼ፣ ተደላድዬ ቆሜ፣ ያኔ ብቻ እጨብጠዋለሁ። ቻልኩበት።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኝተን ነበር። እኔ ገና በምርኩዝ ነበርኩ። እሷ በርበሬ እያማረጠች ቀና አለች፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ምንም ሳትለኝ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ልጄን አገር ያስለቀቀብኝ እሱ ነው ብላ ነው አልኩ። አልፈረድኩባትም። ላላስቸግራት ብዬ ከዚያ ወዲህ በደጃፏ ማለፍ ትቼ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሆነ። እጇ ያጎረሰኝ ሴት ናት፤ ምን ያህል እንደከበደኝ አንተ ታውቃለህ።

በቀደም ላይኛውን መንገድ ለውሃ ቧንቧ ቆፍረው ዘጉት። ሌላ ማለፊያ ስላልነበረኝ በናንተ በር በኩል መጣሁ። እሷ ደጃፏ ላይ ጥላ ይዛ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቿ እንደ ልማዳቸው ደህና ነን፣ አትቁም አሉኝ። እሷ ማን ነው የምታሳልፉት ብላ ጠየቀች። ስልክ ጠጋኙ ነው አሏት። ብድግ አለች።

ቆምኩ። ወንድሜ፣ በሕጉ ነው የቆምኩት፤ ግራዬን ፈትቼ፣ መሬት አስነክቼ። እሷም ቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇ ግን ወደኔ አልመጣም። ከኔ አለፍ ብሎ፣ ማንም ወደሌለበት ነበር የተዘረጋው። ያን እጅ ባዶ መተው አልቻልኩም። ተንጠራራሁ፣ ወደ ቀኝ። እግሯ ሥር ተዘረጋሁ፣ ብስክሌቱም ከላዬ።

ማንም አልሳቀም። ተንበርክካ መጀመሪያ ጎማውን ዳበሰች፣ ቀጥሎ ጫማውን፣ ከዚያ ፊቴን። ግንባሬ ላይ ካለው ጠባሳ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ያን ጠባሳ ራሷ ናት ቡና ደቁሳ የሞላችበት፤ ከዒጋል በተከራየነው ብስክሌት ሁለት ሆነን ደቻቱ አሸዋ ውስጥ የገባን ዕለት። መሪው ሁልጊዜ ያንተ ነበር፣ እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ።

«ሽማግሌ ሰብስቤ እግርህ ላይ ልወድቅ ሳስብ ከረምኩ» አለችኝ። «አንተ ቀደምከኝ።»

ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም እንደሷ። ቤት አስገብታ ሻይ አጠጣችኝ። ለካ ያን ዕለት ቀፊራ አጠገቧ መቆሜን በርበሬ ሻጯ ናት በኋላ የነገረቻት። ሰላም ሳይለኝ አለፈ፣ ተቀይሞኛል ብላ እሷም ሦስት ዓመት ተብሰልስላለች። እኔ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ፣ እሷ ድምፄን ትጠብቃለች።

ጠይቃኝ የማታውቀውንም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬን እንቢ ያለው መኪናው ነው፤ ልጅሽ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ነው ያዞረው፤ ተራራው አንድ እግሬን ነካ፣ ገደሉ ግን ሁለታችንንም ይወስደን ነበር፤ በጀርባው ተሸክሞ አስፋልት ላይ ያወጣኝም እሱ ነው አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ለሷ ስናገር ነው ላንተ ተናግሬው እንደማላውቅ የገባኝ። ሆስፒታል ሳለሁ በሩ ላይ ቆመህ አይህ ነበር፤ ዓይኔን ስገልጥ ትሄዳለህ። እንግዲህ ዛሬ ስማኝ። በሕይወት ያለሁት ባንተ ነው። ያኔም አዳንከኝ፣ ዛሬም ይኸው በላክልኝ ጫማ እየነዳሁ ነው። የምትከፍለኝ ነገር የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ስለ እናትህ ጤና ምንም እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች። ምያለሁ፣ ስለዚህ አልጽፍም። ስለ ሻዩ ግን አላስማለችኝም፤ ስትቀዳልኝ ጣቷን ብርጭቆው ከንፈር ላይ አድርጋ ነው፣ ሙቀቱ ሲነካት ታቆማለች። ስለ ስፌቷም አላስማለችኝም፤ ክሩን መርፌ ውስጥ የምታገባላት የጎረቤቷ ልጅ ሉብና ናት፣ ባለፈው ወር ደግሞ የስፌት መኪናዋን ከነክሩ ለሉብና ሰጥታታለች። ዲና ሐኪም ጋ ይዛት ሄዳ ነበር። ሐኪሙ ያለውን አልነግርህም።

ና። ሌላ ምን ልበልህ። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው። ጣቢያው ከከተማ ራቅ ቢልም በብስክሌቴ መጥቼ እጠብቅሃለሁ። ቀኝ እጅህን ቀረብ አድርገህ ዘርጋልኝ እንጂ አልወድቅም። ያን ዕለት ግን እኛ ቤት ታድራለህ፤ ዲና መኝታህን አዘጋጅታለች። ወደ እናትህ የምንሄደው በነጋታው ነው። ይህ የኔ ሐሳብ አይደለም። ልትሸኘኝ ግድግዳውን ይዛ እስከ በሩ ስትመጣ፣ «ልጄ ከመጣ ማታ እንዳታመጣብኝ» አለችኝ። «ጠዋት አምጣልኝ፣ ፀሐይ ደጃፌ ላይ ስትሆን።»

አንተ የምትለምነው መንገድህን ያሳምርልህ፣ እኔ የምለምነው ከፊትህ ይቅደምልህ። የበላኸው ይስማማህ፣ የረገጥከው ይለምልም።

ከኋላህ ተቀምጦ ያደገው ወንድምህ