የፕሮፌሰር ራግና ቶሌፍሰን የረቡዕ ጠረጴዛና ክፍቱ ወንበር

ፕሮፌሰር ራግና ቶሌፍሰን ከአባታቸው ከአቶ ሃልቮር ቶሌፍሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንገር ብሬከ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1946 በሰሜን ዳኮታ፣ በቀይ ወንዝ ሸለቆ፣ ስንዴና አኩሪ አተር በሚመረትበት የቤተሰቡ እርሻ ተወለዱ። ገና በስምንት ዓመታቸው ስለ ሩቅ ዓለማት የሚተርኩ ልቦለዶችን በትራክተሩ መቀመጫ ሥር እየደበቁ ያነቡ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም አባቴ ኦሪን፣ እየተከታተለ ያሳብቅባቸው እንደነበር ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ፊት አምኗል።

በ1968 በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1975 በሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በመካከሉ፣ በ1972፣ የትምህርት ቤት ሙዚቃ መምህር ከነበሩት ከአቶ ላይል ሳንድቪክ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ካሪንን ወለዱ።

በ1976 በከተማችን ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ። በ1983 ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን፣ የረቡዕ ጠረጴዛን፣ መሠረቱ! የፊዚክስ፣ የሕግ፣ የነርሲንግ፣ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በየረቡዕ ተቀምጠው አንድን የሳይንስ ልቦለድ እያንዳንዳቸው በሙያቸው ዓይን ይመረምሩታል። አንድ ወንበር ሁልጊዜ ክፍት ይተዋል፤ ገና ላልመጣው ሙያ ነው። ትምህርቱን በየዓመቱ የሚከፍቱት ሁልጊዜ በአንድ መጽሐፍ ነበር፤ በሩቅ ዓለም ስለሰፈሩ ገበሬዎች የሚተርክ ነው። የፊዚክስ መምህሩ የዚያን ዓለም ምሕዋር ለማስላት ሦስት ሳምንት እንቅልፍ እንዳጡ ይነገራል። እንዲህ ያለ ደስታ ነበር!

ኮሌጁ ግን ትምህርቱን ለአርባ ዓመት «ጊዜያዊ» እያለ በየዓመቱ ያድሰው ነበር። የሥነ ጽሑፍ ክፍሉ «ይሄ ሳይንስ ነው» ሲል፣ የሳይንሱ ክፍል «ይሄ ተረት ነው» ይል ነበር። ቋሚ የትምህርት ዘርፍ ለመሆን የስድስት ክፍሎች ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ አምስቱ በስንት ልመና ፈረሙ። የአፈር ሳይንስ ኃላፊዋ ዶክተር ሎይስ ክራመር ግን «እኛን ምን አገባን?» ብለው አራት ጊዜ መለሷቸው። በ2022 መጨረሻ አክስቴ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ በመጀመሪያ ያሉት «ፊርማውስ?» ነበር።

ወደ ሕክምናም ወደ ጠረጴዛውም የሚያደርሳቸው አባቴ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሾፍበት የኖረውን ያንን የገበሬዎቹን መጽሐፍ ሆስፒታል ተራ ሲጠብቅ አነበበው። በቀጣዩ ረቡዕ ከበሩ አጠገብ ቆቡን ይዞ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየና አልቻለም፤ ፈነዳ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! እነዚህ የመጽሐፉ ገበሬዎች በአንድ ማሳ ላይ ሠላሳ ዓመት ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘሩ አርባ ዓመት ሙሉ አንዳችሁም አላያችሁም? መሬቱን የሚያድስ አንድ ፍሬ አኩሪ አተር እንኳ የለም እኮ! አፈሩ ተሟጦ በረሃብ ያልቁ ነበር!»

የገበሬ ልጅ የሆኑት አክስቴም ራሳቸው አላዩትም ነበር! ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ከሳቁ በኋላ ክፍቱን ወንበር እያሳዩ «ና ተቀመጥ፣ አንተ አሳባቂ! ስንት ዓመት አስጠበቅከኝ!» አሉት።

ወሬው ዶክተር ክራመር ዘንድ ሲደርስ፣ በሳምንቱ አንድ ባልዲ አፈር ተሸክመው ከች አሉ። ሊከራከሩ መጥተው ፈርመው ሄዱ። ኦክቶበር 12 ቀን 2023 ኮሌጁ ዘርፉን በቋሚነት አጸደቀ። አክስቴ ደብዳቤውን በገዛ እጃቸው ይዘው ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ እኛም አብረናቸው ጮህን። ኦክቶበር 19 ቀን በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ላይል በ2011 ቀድመዋቸዋል። ልጃቸው ካሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው ኦሪንና እኔ የወንድማቸው ልጅ ማሪት በሐዘን ቀርተናል። አክስቴ ወንበራቸውን ለመታሰቢያ ብለን ባዶ እንዳናስቀምጠው በጽሑፍ አዘውናል፤ ቦታው ለሚቀጥለው ሙያ ነው።

ትናንት አባቴ መቃብሩን ለማየት ሄዶ፣ ቆፋሪውን አቶ ቨርን ሹልስታድን ስለ መጽሐፉ ሲያጫውታቸው፣ አካፋቸውን ተደግፈው «ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ሙታናቸውን የት ነው የሚቀብሩት?» ብለው ጠየቁት። በአርባ ዓመት ማንም አልጠየቀም ነበር። አቶ ቨርን በመጪው ረቡዕ በአክስቴ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

የሰማይና የምድር ሁሉ ጌታ፣ ሩቁን ዓለም ለናፈቀችው ነፍሳቸው በማዕዱ ዙሪያ ቦታ ይስጣት። አሜን።