ሳይሰበር የተከፈተው በር

እሁድ

አርባ ሰከንድ እንኳን አልሞላም። በልቤ ቆጥሬዋለሁ። ያውም አዲስ ጓጉንቸር፣ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ገና ከሱቅ የወጣ የሚመስል። ሁለቱን ቀጫጭን ብረቶቼን አስገባሁ፣ በአንዱ ወጠር፣ በሌላው ውስጡን ዳበስ ዳበስ፣ ጠቅ! ነዚፍ «ወላሂ፣ አንቺ ሌባ ብትሆኚ ጅማ አልቆላት ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ነዚፍ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሳይደውል ቤቴ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ በጠዋት መጣ። ሚስቱ ሉባባ ለሥልጠና ጅማ መጥታ የሰርቦ ቤቷን ቁልፍ ጣለች፣ ልብስ እንዳመጣላት ላከችኝ፣ አንቺን ማስቸገሩ አሳፍሯት ነው አለ። ሉባባ ነርስ ናት። ከመስከረም ወዲህ «ለሥራ እንዲቀርበኝ» ብላ ሰርቦ አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ እሱ የቡ ከተማ ከእናታችን ጋር ቡናውን ይዞ ተቀምጧል። እሁድ የምን ሥልጠና ነው ብዬ ነበር። ልደውልላት ስል «ስልክ አታነሳም» አለኝ። ተውኩት።

ሰርቦ ስንደርስ ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። አከራይዋ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ነዚፍ ገብቶ አልቆየም፤ የወጣው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ኮቱ ሥር ይዞ ነው። «ልብሱስ?» አልኩት። «በኋላ» አለኝ። መልሼ ቆለፍኩት። ምንም ጭረት የለውም።

ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ይህ ነገር የጀመረኝ የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ቁምሳጥን ቁልፍ የጠፋ ጊዜ ነው። ርዕሰ መምህሩ በመጋዝ ይቆረጥ ሲሉ «ሁለት ቀን ብቻ ስጡኝ» አልኩና በፀጉር ሽቦ ከፈትኩት። አርባ ዓመቴ ነበር፤ ራሴን እንደዚያ ቀን ወድጄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮችን ከአሮጌ ብረት ሻጮች እየለቀምኩ ከሥራ መልስ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ። ሰው ዳንቴል ይሠራ የለ? የኔም እንደዚያ ነው።

ሰኞ

በሻይ ሰዓት ሉባባ ደወለች። ድምፅዋ ተቆራርጧል።

ሰው ቤቴ ገብቷል አለች። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርኩ፣ ማታ ስመለስ በሩ እንደ ወትሮው ተቆልፏል፣ ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ቴሌቪዥኑ አለ። የጆሮ ወርቄ አለ። የሄደው የወረቀት ማኅደሬ ብቻ ነው፦ ዲፕሎማዬ፣ የብቃት ማረጋገጫዬ፣ የልደት ካርዴ።

ተረኛ። ሥልጠና የለም ማለት ነው።

ሚዛን ከተማ የነርስ ሥራ አግኝታለች። የፊታችን ሰኞ ስምንት ሰዓት ኦርጅናሉን ይዛ ካልቀረበች ለሌላ ይሰጣል። ለማንም አልተናገረችም፤ ለኔ አሁን መንገሯ ነው።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ሰሚ፣ አንቺ ቁልፍ ታውቂያለሽ። ጓጉንቸር ሳይሰበር ይከፈታል?»

እና ምን አልኩ? «ቁልፍ አስቀርጸው ይሆናላ» አልኩ። ደግሞ ጨመርኩበት፦ «አከራይሽ ጋ መለዋወጫ ቁልፍ አልነበረም?»

ይህን የጻፍኩት እንዳልክደው ነው። ከአፌ ወጥቷል።

ማክሰኞ

ነዚፍ ስልኩን ያነሳው በአራተኛው ጥሪ ነው። ጮኽኩበት። እሱ አልጮኸም። «ሚስቴ ናት» አለ። «ወረቀቱ ከሌላት የትም አትሄድም። ሲበርድላት ትመለሳለች።»

መልስላት አልኩት።

«በሩን የከፈተው ማን ነው? እኔ ነኝ?» አለና ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች መጽሐፍ ሲመልሱ ስማቸውን እያሳሳትኩ ስጽፍ ዋልኩ። አንዷ «ቲቸር አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ቤት ገብቼ ብረቶቼን አልነካሁም።

ረቡዕ

ሉባባ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። አከራይዋን እማማ አስካለን ጠይቃቸዋለች። ሴትዮዋ በማርያም ምለው አለቀሱ። «ሰባ ዓመት ኖሬ ሌባ ተባልኩ» ብለው ከቤቷ እንድትወጣ ነገሯት። «እሳቸው ናቸው መሰለኝ ሰሚ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

በስልክ መናገር አቃተኝ። ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ሰርቦ ስወርድ አንዱም አልነበረም።

ሁለቱም ግቢ ውስጥ ናቸው፤ እማማ አስካለ ደጃፋቸው ላይ፣ ሉባባ ደጃፏ ላይ፣ ጀርባ ተሰጣጥተው። መሃል ላይ ቆሜ «የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እሁድ፣ ከነዚፍ ጋር፣ አንቺ ልከሽው መስሎኝ። ስለ እማማም ዋሽቼ ነው።

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሉባባ «ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?» አለችኝ።

«አንድ አይሞላም።»

«እኔ ከዚያ ቤት ለመውጣት ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ነዚፍ ገበያ ሲሄድ፣ መጋዘን ሲያድር፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ክፍሏን ከውጭ በጓጉንቸር ይዘጋባት ነበር። መጀመሪያ በቀልድ። ኋላ በየጊዜው። የአዳር ተራ እየቀረባት ከሥራ ልትባረር ደርሳ ነው ሰርቦ የተከራየችው።

«ባለፈው ዒድ ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች።

ትዝ አለኝ። ጠይቃኝ ነበር። የቡ፣ እናቴ ቤት፣ ዕቃ እያጠብን። «ከውጭ የተቆለፈ ጓጉንቸር ከውስጥ ሆኖ ይከፈታል?» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ፣ ስለ ቁልፍ የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ ብዬ፣ እጄን ከነሳሙናው እያወዛወዝኩ ስለ ማጠፊያው፣ ስለ በሩ ክፍተት፣ ስለ ብረቱ ዓይነት ግማሽ ሰዓት አወራሁላት። ለምን ጠየቅሽኝ አላልኩም። አንድ ጊዜ እንኳን።

እማማ አስካለ ውሃ ሰጡኝ። ሉባባ ገብታ በሯን ዘጋች።

ሐሙስ

ሥራ ገባሁ። ምን አደርጋለሁ?

ፖሊስ። ወንድሜ ነው። እኔም አለሁበት።

ሽማግሌ። እስከ ሰኞ ተሰብስበው፣ ተመካክረው? አይደርስም።

የነዚፍን የብረት ሳጥን መክፈት። የወረቀት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ጓጉንቸሩን አውቀዋለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። ነገ ጁምዓ መስጊድ ይሄዳል።

ብረቶቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ያ አላህ፣ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዓርብ

የቡ የደረስኩት ሰዎች ወደ መስጊድ ሲጎርፉ ነው። ግቢው ሞቅ ብሏል፤ ቀዩ ቡና እንዲደርቅ በማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል፣ ሴቶቹ እየለቀሙ የተበላሸውን ያወጣሉ። ነዚፍ ሄዷል። እናቴ ሳሎን ተቀምጣለች።

ሳጥኑ ፊት ተንበረከክሁ። እናቴ አየችኝ፤ ምን ልታደርጊ ነው አላለችም። «ክፈቺው፣ ወረቀቷ እዚያ ነው» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ሲቆልፍባት እሰማ ነበር» አለች። «ልጄ ነው ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ በኦሮምኛ ስለራሷ አንድ መጥፎ ቃል ተናገረች፣ እዚህ አልጽፈውም።

ብረቱን አስገብቼ ወጥሬ ይዤ ነበር። አወጣሁት። ከከፈትኩት ሰኞ ሳይመጣ ሌባ ብሎ ሉባባን ይከሳታል። ደግሞም የሰው ቤት ከሰረቅሁ ሳምንት አልሞላኝም። ተነሣሁና በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ሲመጣ ነገርኩት፦ ዛሬ ካልሰጠኸኝ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ እኔ ነኝ የከፈትኩት እላለሁ፤ ማን እንዳስከፈተኝም፣ በሯን ስትቆልፍባት እንደኖርክም እናገራለሁ። ሳቀ። «ራስሽን ልታሳስሪ?» አለ። አዎ አልኩት።

ያን ጊዜ እናቴ ሻርፗን ደርባ፣ ዱላዋን ይዛ፣ አጠገባችን አልፋ ወጣች። ቡናው አልጋ ሥር ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቃሚዎቹ ሁሉ እጃቸውን አቆሙ። ነዚፍ ሮጦ «እማ፣ ማሎ፣ እባክሽ ተነሺ፣ ሰው እያየ ነው» ይላል። «ሰው ይይ» አለች። «የሷን ወረቀት እስክትሰጥ እዚህ ነኝ። ዛሬ ካልሰጠህ ከልጄ ጋር ጅማ እሄዳለሁ፣ ሬሳዬንም አታነሳም።»

ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነበር። ልከልልላት ብሄድ በዱላዋ ገፋችኝ።

ነዚፍ ገብቶ ሳጥኑን በራሱ ቁልፍ ከፈተ። ማኅደሩን እግሬ ሥር ወረወረው። ዲፕሎማው አለ። የልደት ካርዱ አለ። የብቃት ማረጋገጫው ለሁለት ተቀድዷል። መቼ እንደቀደደው አልጠየቅኩም። ፊቱን ሳየው ግን ሰባት ዓመቱ ላይ የነበረውን ልጅ መሰለኝ፣ ያጠፋውን የሚያውቅ፣ ይቅርታ ግን የማይወጣው። አዘንኩለት። ያም ያናድደኛል።

ቅዳሜ

ወረቀቱን ጥርት ባለ ፕላስተር ከኋላው አያያዝኩት። ማኅተሙ ላይ እንዳይሄድ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሰርቦ። እማማ አስካለ «ነይ ግቢ እንጂ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አሉኝ። ሉባባ ግን ደጃፏ ላይ ቆማ መንገዱን አልለቀቀችልኝም። ማኅደሩን ተቀብላ እዚያው ቆማ አንድ በአንድ ገለጠች። የተቀደደው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጣቷን በስንጥቁ ላይ አሳለፈች።

እናቴ ያደረገችውን ነገርኳት። ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ «አላህ ይስጣት» አለች። ለኔ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ቆሜያለሁ። ይቅርታ አልኩ። ደግሜ አልኩ።

«ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ» አለች። «ሲመለሱ መኪና እንዳያጡ፣ ቶሎ ይሂዱ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺ፣ ሰሚ፣ ስትለኝ ኖራለች። ፀጉሯን ሠርቼላታለሁ። ዛሬ እርስዎ አለችኝ። እማማ አስካለ እንኳን ደንግጠው አዩዋት። ስድብ ቢሆን መልስ ይኖረው ነበር። ለአክብሮት ምን ይመለሳል? «እሺ» አልኩ፣ ሄድኩ።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ሶፍት ሰጡኝ።

ሰኞ

እማማ አስካለ ጠዋት ደወሉልኝ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኙ አልጠየቅኩም። ትናንት በሌሊት ተነሥታ ወደ ሚዛን ሄደች አሉኝ። ለበሯ አዲስ ጓጉንቸር ገዝታለች፤ መለዋወጫ ቁልፉን «ለእርስዎ ይሁን እማማ» ብላ አንገታቸው ላይ በክር አሰረችላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። ይገባቸዋል።

ያ የተቀደደ ወረቀት ግን። ይቀበሏት ይሆን? «እንዴት ተቀደደ?» ቢሏት ምን ትላለች? ባሌ ነው ትላለች? የባሌ እህት በሬን ከፍታ ትላለች?

ነዚፍ ስልኬን አያነሳም። እናቴ ዛሬ ከሰዓት እኔ ጋ ትመጣለች፤ ወረቀቱን ቢሰጥም ከሱ ጋር አልኖርም ብላ ልብሷን ጠቅልላለች። አልጋዬን ለሷ አዘጋጅቻለሁ፣ እኔ ፍራሽ ላይ እተኛለሁ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሊሆን ነው። ልጽፍላት ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ «እንዴት ነሽ» ብዬ ልጀምር ወይስ «እንዴት ነዎት» ማወቅ አቃተኝ። ለእማማ አስካለ ደወልኩ።

«ገና ነው ልጄ» አሉኝ። «ስትደውል እነግርሻለሁ።»