የክሪፕቶው ዘበኛ

አምባቸው፣

ወረታ እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ውኃ ከመጣ በርሜሉን ሙላው።

ስልክህ የምስሩ ጣሳ ውስጥ ነው።

«በስልኬ የገዛሁት የክሪፕቶ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ደንግጬ እሸጣለሁና፣ እግርህን ስሜ ብለምንህ እንኳ እንዳትሰጠኝ» ብለህ ከነመክፈቻ ቁጥሩ በአደራ ሰጠኸኝ። ሰኞ ዋጋው ሲወድቅ ለመንኸኝ፤ አልሰጠሁህም። ማክሰኞ ጫማ ወረወርህብኝ፤ አሁንም አልሰጠሁህም። እንዲያውም «ወንድሜ፣ ትዕግሥት ይኑርህ» ብዬ መከርሁህ።

ትናንት አንተ ፋብሪካ እንደገባህ፣ እስቲ ልየው ብዬ ከፈትሁት። ቁልቁል ይወርዳል። ለአንተው አዝኜ ሁሉንም ሸጥሁልህ።

ከቀትሩ የዙህር ሰላት ስመለስ ዋጋው አንተ ከገዛህበት በላይ ወጥቶ ጠበቀኝ።

የተረፈው ገንዘብ እዚያው ስልክህ ላይ አለ። ተናድደህ ዛሬውኑ መልሰህ እንዳትገዛበት፤ እንደ ወንድም ነው የምመክርህ።

ጫማውን ግን ባትወረውር ጥሩ ነበር።

ድስቱ ውስጥ የዓሣ ወጥ አለ፤ የእኔንም ድርሻ ብላው።

እናቴ ደውላ ካጽናናችህ «አሜን» ብቻ በላት። የሸጥኸው አንተ እንደሆንህ ነው የነገርኋት።

መስዑድ