የጾም ስለሆነ «ምንም የሌለበት» ዳቦ

ለክብርት ወይዘሮ ወለተጻድቅ
የአፀደ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት
ኮልፌ ቀራንዮ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ያለ አንዳች ችግር አየር እያስገባችሁና እያስወጣችሁ እንደሚያገኛችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀደም ሲል ሰላምታ ስጽፍ አየርን ማንሣት ልማዴ አልነበረም፤ ካለፈው መጋቢት ወዲህ ግን አየርን እንደ ተራ ነገር ማየት ትቻለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ሀያቱና የስምንት ወሩ ልጃችን ኑሕ ደኅና ነን። የኬጂ ሁለት ተማሪዎ የነበረችው የአምስት ዓመቷ ሰልሳቢልም ትተነፍሳለች።

ጉዳዩን በአካል ላስረዳዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ስለተመለስኩ፣ በአራተኛው ስብሰባዎን እንዳላቋርጥ ብዬ በአደባባይ ጽፌዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጠቀስኩት የመስከረም ምዝገባ እንዳይቀዘቅዝባችሁ ብዬ ነውና ውለታዬን ይያዙልኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ለውዝ አይስማማትም። አይስማማትም ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ ሳይሆን ጉሮሮዋን ይዘጋዋል ማለቴ ነው። ይህንን በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ጽፌያለሁ፤ በቃል ተናግሬያለሁ፤ በምሳ ዕቃዋ ክዳን ላይም በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገናኙ ትምህርት ቤታችሁ «የአብሮነት ምሳ» የሚባል መልካም ሐሳብ አመጣ፤ ሕፃናቱ ባይጾሙም ሁሉም የጾም ምግብ ይዘው መጥተው በአንድ ማዕድ ይበላሉ ተባለ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። በሠፈራችን አንዳችን የሌላችንን ሥጋ ባንበላም፣ «የጾም ነው» ከተባለ ግን ምግቡ በየትኛውም ቤት ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ እኔም ራሴ ከጎረቤቶቼ ማዕድ ስንቱን ሽሮ በዚሁ ፈቃድ በልቻለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ስለ ጥንቃቄያችሁ። በቀይ የጻፍኩት ማሳሰቢያ በምን መንገድ እንደተጓዘ የገባኝ ኋላ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ሳነብ ነው። ርዕሱ «ሃይማኖታዊ አመጋገብ» ይላል፤ ከሥሩም «አልፊያ፦ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ሰልሳቢል፦ እንደ አልፊያ» ይላል። የልጄም ስም እንደ ክፍል ጓደኛዋ እንደ አልፊያ የሙስሊም ስም ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ በሽታዋም ሃይማኖት ሆኖ ተመዝግቦላታል። መምህርቷ ሚስ ዮዲ ይህንን ዝርዝር ይዛ በዚያ ቀን ያሳየችውን ትጋት ሐኪም እንኳ አያሳይም፤ ቢላዋው ሥጋ ነክቶ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፣ ለምሳው ዳቦ ያመጡትን የክፍል ጓደኛዋን የጆሲን እናትም «የሙስሊም ልጅ አለችብኝ፤ ምን ገብቶበታል?» ብላ ጠይቃለች። እሳቸውም «ኧረ ሚስ፣ የጾም ነው! የለውዝ ቅቤ ነው እንጂ ምንም የለበትም» ብለዋታል።

ልጄ «ባባ አይሆንም ብሏል» አለች። ሚስ ዮዲ «እኔ ስሞት፣ አንዴ ብቻ!» ብላ ጉርሻውን አቀረበችላት። ልጄ ደግማ አይሆንም አለች። እምቢ ማለትን ያስተማርናት እኔና እናቷ ነን፤ በአገራችን ግን እምቢታ እስከ ሦስተኛው ጊዜ ድረስ እንደ ዓይን አፋርነት እንደሚቆጠር ልናስተምራት አላሰብንም። በሦስተኛው ጊዜ፣ ትልቅ ሰው ሲለምናት አሻፈረኝ ማለት ነውር መሆኑን የምታውቅ ልጅ ስለሆነች፣ አፏን ከፈተች። ስድ አድርገን ስላላሳደግናት ይቅርታ እንጠይቃለን። በሚስ ዮዲ ላይ ቂም የለኝም፤ ቤታችን መጥታ ስታለቅስ ያባበለቻት ሀያቱ ናት። የእኔ ምስጋና «እንደ አልፊያ» የሚለውን ዝርዝር በማኅተም ላጸደቀው ቢሮ ነው።

፪ኛ. ስለ ንብረት አያያዛችሁ። ለእንዲህ ያለው ቀን ብዬ፣ እዚህ በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ የአጎቴን ልጅ ለምኜ ከዱባይ ያስመጣሁት፣ ጭኗ ላይ የሚወጋ አንድ መርፌ ነበረኝ። በመስከረም ወር በእጅዎ ሰጥቼዎታለሁ፤ እርስዎም እንዳይጠፋ ብለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እውነትም አልጠፋም። ልጄ ከንፈሯ አብጦ ድምፅዋ እንደ ጫጩት ሲቀጥን፣ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከገንዘብ ያዧ ቦርሳ ጋር ጦር ኃይሎች ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ ነበር። የመጋረጃ ሱቄ ያለው እዚያው ጦር ኃይሎች፣ ከባንኩ በሦስት ሱቅ ርቀት ላይ ነውና፣ በዚያ ሰዓት ከልጄ ይልቅ እኔ ለመድኃኒቷ ቅርብ እንደነበርኩ ሲታወሰኝ ያደራጃችሁበትን ጥበብ አደንቃለሁ። መርፌው ዛሬም እንደታሸገ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። በአያያዛችሁ ላይ አንድም ጉድለት አላገኘሁም።

፫ኛ. ስለ ሥነ ሥርዓት። መምህራኑ ከፊሎቹ «ወተት ያረክሰዋል»፣ ከፊሎቹ «በጾም ወተት ከየት ይምጣ» እያሉ ሲመካከሩ፣ ጥበቃው ጋሽ የኔሰው ማንንም ሳያስፈቅዱ ልጄን ከመሬት አንሥተው፣ በሩን በርግደው፣ በባጃጅ ቤቴል ካለው ክሊኒክ አድርሰዋታል። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሃና እዚያው የነበረውን መርፌ ከወጓት በኋላ ወንበር ሳይፈልጉ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ እንዳሉ ጋሽ የኔሰው ነግረውኛል፤ ከዚያም ልጄ ሁለት ቀን ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ጋሽ የኔሰው «የሥራ ቦታን ያለ ፈቃድ በመልቀቅና በርን ክፍት በመተው» የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው ሰማሁ። በክፍቱ በር ሌባ ሊገባ ይችል እንደነበር አልክድም። በዚያ በር የወጣችው ግን ልጄ ነበረች።

፬ኛ. ስለ ሳይንስ። በጽሑፍ ላስገባሁት አቤቱታ በሰጡኝ መልስ ላይ «ሕፃናት አለርጂ የሚያስነሡ ምግቦችን ቶሎ ቢለማመዱ እንደሚጠቅማቸው ጥናቶች ያሳያሉ፤ ስለሆነም ክስተቱን በበጎ ጎኑም ማየት ይቻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤያለሁ፤ ሀያቱም እንድታነበው ሰጥቻት ወረቀቱን አጥፋ መልሳልኛለች። ጥናቱ ትክክል ነው፤ እስከ መጨረሻው ቢያነቡት ደግሞ ይበልጥ ትክክል ይሆናል። ዶክተር ሃና ስለ ኑሕ የነገሩን ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ተመረመረ፤ ከዚያ ክሊኒኩ ውስጥ፣ በእናቱ ወተት የቀጠነ የላመ ለውዝ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ቀመሰና ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጠበቀ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ቤታችን ይቀምሳል። ሰልሳቢል በእነዚያ ቀናት አክስቷ ሚስኪ ቤት ትሄዳለች፤ ማንኪያው የራሱ ማስቀመጫ አለው፤ ሀያቱ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ከዚያ እሱ ይስቃል፣ እኛ ሰዓት ይዘን ፍርድ እንደሚጠብቅ ተከሳሽ ፊቱን እናያለን። ልምምድ የሚባለው ይህ ነው፤ በሽታው ገና ላልያዘው ሕፃን፣ በሐኪም ምክር። አንዴ ከያዘው በኋላ የሚደረግ ልምምድ ቢኖር እንኳ በሐኪም ቤት እንጂ በአብሮነት ምሳ ላይ አይደለም።

፭ኛ. ስለ ቅጹ። ልጄ መመለስ ከፈለገች «ከምግብ ጋር በተያያዘ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ አይሆንም» የሚል ቅጽ እንድፈርም ልከውልኛል። ሳልፈርም መልሼዋለሁ። ምናልባት የማልፈርምበትን ምክንያት ማወቅ ከፈለጉ፣ ይኸውልዎ፦ ሰልሳቢል ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰው እጅ አትጎርስም። ከአክስቷ አትጎርስም፤ ከእኔ አትጎርስም። ባለፈው ዒድ እናቷ አንዲት ጉርሻ ጠቅልላ ስታቀርብላት ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ስሞት እንዳትዪኝ» አለቻት። ሀያቱ ጉርሻውን ራሷ ጎርሳ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ለረጅም ጊዜም አልወጣችም።

ስለዚህ ቁልፉ ሁልጊዜ ልጆቹ ካሉበት ግቢ እንዳይወጣ፣ ዝርዝሩ ከግድግዳው ወርዶ በሽታ በበሽታነቱ እንዲጻፍ፣ የጋሽ የኔሰው ማስጠንቀቂያም በምስጋና ወረቀት እንዲተካ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ልጄን አልመልስላችሁም። ይህንን የምጠይቀው በመስከረም በዚያ በር ለምትገባው፣ ስሟን ለማላውቃት ልጅ ነው።

በፍጹም አክብሮት፣ እጅ በመንሣትና ትንፋሼን በመቁጠር፣
ኢብራር ኑረዲን
መጋረጃ ሻጭ፣ የሁለት ልጆች አባት

ማስታወሻ፦ በዕለቱ ዘግይታችሁ የደወላችሁልኝ ኔትወርክ ስላልነበረ መሆኑን ጽፈውልኛል። የትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ ግን የአብሮነት ምሳው አሥራ አራት ፎቶዎች ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተለጥፈዋል፤ ስልክ የደረሰኝ ሰባት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። አሥራ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ልጄ አንገቷን እያከከች፣ የታች ከንፈሯ አብጦ ትታያለች፤ ከሥሩ «የልጆቻችን ደስታ» ተብሎ ተጽፏል። እባክዎ እንዳያጠፉት። መቶ ስድስት ወላጆች ልብ ሰጥተውታል፤ አንደኛው ልብ፣ ሱቄ ውስጥ ሆኜ፣ ደስ ብሎኝ የሰጠሁት የእኔው ነው።