ተኩላው ያጣላቸው

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሙሉአለም፤ እንደምን ከረሙ? እኛ ከኮሮናው ተርፈናል፣ ተመስገን።

እዚህ ላስ ቬጋስ የሚሆነው ሁሉ ግራ አጋብቶኛል። እዚሁ አሜሪካ ኮሎራዶ የሚባለው አገር ሰው «ተኩላ ወደ ጫካው ይመለስ» ብሎ ድምፅ ሰጠ። እኛ በዱላ ስናባርረው የኖርነውን! ልጄ ዋለልኝና የአደን ጓደኛው ፍራኦል በዚሁ ተጣሉ።

«አጋዘኑን ይጨርስብናል!» አለ ዋለልኝ።

«አንተ ከተኩላ በምን ትሻላለህ?» ፍራኦል ሲለው ሊደባደቡ ደረሱ።

ዛሬ ግን አብረው ለአደን ወጡ። መቼ ታረቁ? ሽማግሌ አልገባ፣ ይቅርታ አልተባለ። ለአሮጊት ማን ይነግራል! ትናንት ፈርቼ የዋለልኝን ጥይት ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀብሬው ነበር። አሁን ብከፍተው ያለው ሽሮ ብቻ ነው።

እስኪመለሱ ምሳ እሠራለሁ። እርስዎ ግን ለእመቤቴ ሻማ ያብሩልኝ፤ በሁለቱም ስም።

እህትዎ ጽጌወይን