በጥር የተቀዳ ወተት

አሰላ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማ፣ ለወይዘሮ ዘመናይ
ኩዌት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ያቺ ሴትዮ አሁንም ምንጣፉን በእጅ ታሳጥብሻለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ፊትሽን እንደምታኮሳትሪ አውቃለሁ። አታኮሳትሪ፣ መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢ።

በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ማልቀስ ስለምትጀምሪ፣ እኔ ደግሞ መጮህ ስለምጀምር ነው። ኔትወርኩም መሃል ላይ ጥሎን ይሄዳል። ኤፊ ነገ ትበራለች፣ የጎረቤታችን ልጅ፤ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው ሥራ ያገኘችው። ይሄን ደብዳቤና የበቆጂ ገብስ በሶ በሷ እጅ ልኬልሻለሁ። በሶውን ለሴትዮዋ ልጆች እንዳትበትኚው፣ ራስሽ ብዪው።

ዓመቱ እንዴት አለፈ ብለሽኝ ነበር። በሩጫ ነዋ። ያ የባህል ቡድን "አስረኛ ክፍል ያቋረጠ አንቀበልም፣ ሰርተፊኬት አምጪ" ብሎ ከበር ሲመልሰኝ ታስታውሻለሽ? ለመሳደብ ሰርተፊኬት! ዘንድሮ የነሱ ተወዛዋዦች እኔ በምሠራበት ሠርግ ጥግ ይዘው ጥብስ ይበሉ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ አሰላ በይው፣ በቆጂ በይው፣ ጮሌ፣ ጢቾ፣ ያልቆምኩበት ድንኳን የለም። የሙሽሪት ወገን ይጠራኛል፤ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሊወስዷት በር ላይ ሲደርሱ አራብሶውን አወርድባቸዋለሁ። ያው አንቺ ጢቾ ስታድጊ ከአርሲዎቹ ጎረቤቶችሽ የለቀምሽውን፣ ድስት እያጠብሽ ያስተማርሽኝን የሠርግ ስድብ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። የሚዜውን አፍንጫ፣ የሙሽራውን ጫማ፣ የአጎትየውን ስስት። የተሰደበው ይስቃል፣ የሳቀው ይሸልማል። ቲክቶክ ላይ ስሜ "ምላጭ" ነው። ገበያ ሳልፍ ሴቶቹ "ምላጭ፣ ዛሬ ማንን ልትላጪ ነው?" ይሉኝ ነበር።

ይሉኝ ነበር ነው ያልኩሽ።

ፍሰሐን ታውቂዋለሽ፣ ኦርጋን የሚመታውን። ሥራ የሚይዝልን እሱ ነው። ባንድ እሁድ ሁለት ሠርግ ይይዛል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ ዶሮ አንጠልጥሎ ይወስደኛል። ደክሞኛል ስለው "ጊዜሽ ዘንድሮ ነው፣ ለከርሞ ሌላ ምላስ ይመጣል" ይለኛል። እኔም አምኜው ስሮጥ ከረምኩ።

ደንብሽን ግን አልረሳሁም። ልጅ አይሰደብም፣ ሞት አይጠራም። ስድቡ ሲያልቅ ተሳዳቢዋ ሙሽሪትን ተከትላ ሙሽራው ቤት ትሄዳለች። እዚያ የሙሽራው እናት በጮጮ ወተት ይዛ ትወጣለች፣ በሁለት እጇ ትሰጣታለች። እሷ ፉት ትልና "ምላሴ ታጥቧል፣ ያልኩት ሁሉ ጨዋታ ነው" ብላ ትመርቃለች። ክርስቲያኑም ቤት ሙስሊሙም ቤት እንዲሁ ነው። "ካልጠጣሽ ስድቡ ሳይፈታ ያድራል" ትይኝ ነበር። ጠጥቻለሁ እማ። ወተት እስኪያቅረኝ ድረስ ጠጥቻለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ዳናዊት የምትባል የአሰላ ልጅ አገባች። ሙሽራው እዮኤል ይባላል፤ ከጢቾ ወዲያ ቁልቁለቱን ወርዶ ካለው መንደር ነው፣ ድንች እየጫነ የሚነግድ፣ ደስ የሚል ሳቂታ ልጅ። አሮጌ ፒክአፑን ለሠርጉ ቀይ አስቀብቶ፣ አበባ ለጥፎበት መጣ። እኔ ደግሞ እንደዚህ ያለውን ነገር አይቼ እንዴት አልፋለሁ? እንዲህ አልኩት፤

ቀለሙን ቀብቶ መኪና ነው ይላል፣
ቁልቁለት ያወርዳል፣ ዳገት መች ያወጣል።

ሰዉ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ራሱ እዮኤል ነው፣ ሆዱን ይዞ። "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። ቪዲዮው ላይ አለ፣ የፈለገ ይየው። እስቲ ሞት የሚል ቃል አለበት? ልጅ የሚል አለበት? መኪና ነው የሰደብኩት። ቀለም ነው የሰደብኩት።

ከዚያ እነሱ መንደር ደረስን። ፍሰሐ ሞተሩን አላጠፋም፤ ጮሌ ሌላ ሠርግ ይጠብቀናል፣ ስልኩ አንድ ደቂቃ ዝም አላለም። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሁለት ዘፈን ዘፈንኩ፣ ፍሰሐ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ጎተተኝ። "ወተቱ" አልኩት። "ጮሌ ትጠጫለሽ፣ እዚያም ላም አለ" አለኝ። ተንቀሳቀስን። በጎን መስታወቱ ሳይ እናትየው፣ ወይዘሮ ብርቄ፣ በአዲሱ ቀሚሳቸው ጮጮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይሮጣሉ። ወተቱ ደረታቸው ላይ እየተረጨ። "ልጄ፣ አንዴ ፉት በይ፣ አንዴ ብቻ" ይላሉ። ፍሰሐ ክላክስ አደረገ፣ ለደስታ መስሏቸው ልጆች አጨበጨቡ። ምን ላድርግ? ከሚሄድ መኪና ልዝለል?

የዳናዊት ሂና ከእጇ ሳይለቅ እዮኤል ድንች ጭኖ ያን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። መኪናው ገደሉ ሥር አሁንም አለ፣ ቀዩ ከመንገድ ይታያል። ማንም አላወጣውም።

አንድ የተረገመ ሰው ቪዲዮዬን ከዚያ መኪና ፎቶ ጋር ቀጥሎ ለቀቀው። አገር አየው። አንቺም ሳትቀሪ በሴትዮዋ ልጅ ስልክ አይተሽ ደወልሽ፤ "ጠጥተሽ ነበር ወይ?" ብቻ ነው ያልሽኝ። የመለስኩልሽን ታስታውሻለሽ። ኔትወርኩ ያን ቀን መጥፎ ነበር።

ሥራው ግን ወዲያው አልቆመም፣ እሱ ነው የሚገርምሽ። ከፋሲካ በኋላ እንዲያውም ባሰ። ሰው ይጠራኛል፣ ሊያየኝ። ስዘፍን ግን የሚስቅ የለም። ሚዜዎቹ አፋቸውን በመሀረብ ይሸፍናሉ፣ አያቶች ልጆቹን ወደ ጓዳ ያስገባሉ። ወተቱን የሚሰጡኝ ገና አፌን ሳልከፍት ሆነ። በቆጂ አንዷ አሮጊት "ማነው ይቺን የምስራች ያላት?" ብላ አማተበችብኝ፣ እኔ እየሰማሁ። ሌላው ደግሞ ያንን ፈልጎ ነው የሚደውለው። ከጮሌ አንድ ነጋዴ መልእክት ላከልኝ፤ ሠርግ የለውም። ፊት ለፊቱ ሱቅ የከፈተ ሰው አለ፣ "በስሙ አንድ ግጥም ብቻ" ይላል። ሳቅኩ። ከዚያ ስሙን ደግሞ ላከልኝ፣ ከነአባቱ። ሳቄ ቆመ። መልእክቱን አጠፋሁት፤ ስሙ ግን አልጠፋልኝም፣ ድስት ሳጥብ እንኳን ይመጣብኛል፣ ቤት ይመታልኛል። ቶሎ ብዬ ውሃውን እከፍታለሁ።

አበጋዝን ያየሁት ያኔ ነው። የእዮኤል ታላቅ ወንድም። መጀመሪያ በቆጂ፣ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆሞ። አይበላም፣ አያጨበጭብም። ቀጥሎ ጮሌ። ቀጥሎ እዚሁ አሰላ የሆቴል ምርቃት ላይ። ፍሰሐን "ያ ሰውዬ ምን ይፈልጋል?" ስለው ወደዚያ ሳያይ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። በሰኔ ፍሰሐ ኦርጋኑን ይዞ አዳማ ገባ። ስደውልለት አያነሳም። እዚያም ላም አለ መሰለኝ።

ባለፈው ሐሙስ አበጋዝ ቤቴ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በጨዋ ደንብ በሩ ላይ ቆመ።

"እናቴ ትጠራሻለች" አለኝ።

"ለምን?"

"ረቡዕ ታናሻችን ያገባል። ስድብ የምታውቅ እንፈልጋለን።"

"የሙሽራው ወገን ተሳዳቢ ጠርቶ ያውቃል?"

"እኛ ጠራን።"

"በጳጉሜ ነው የሚያገባው? በዚህ ጭቃ?"

"በጳጉሜ ነው።" ሲያናግረኝ ዓይኔን አያየኝም እማ፣ አፌን ነው የሚያየው። "ብቻሽን ነይ፣ ሙዚቃ አያስፈልግም። ያን ቀን የቀዳችልሽ ወተት አለ። አልደፋችውም። ጮጮው አፉ ታስሮ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ አንቺ ካልመጣሽ አይወርድም ብላለች።"

ሰማሁ አልኩት። ሊሄድ ሲል ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና "ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" አለኝ።

"ከእናቴ ጋር" አልኩት።

"ጥሩ" አለና ኮፍያውን አደረገ።

እኔ ሞኝ አይደለሁም። ዓመቱን ሙሉ ሠርግ ሠርቼ ሠርግ አላውቅም? ድንኳን አከራዩ ጋ ደወልኩ፣ ወደዚያ የሚሄድ ድንኳን የለውም። ቪዲዮ ቀራጩ አልሰማም። ጢቾ በሬ የሚጥለው ሰውዬ "ለማን ሠርግ? አንቺ ደግሞ" ብሎ ሳቀብኝ። የሙሽሪትን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው አላገኘሁም። ደግሞ ቀኑን ቁጠሪው እስቲ። ረቡዕ ነው። ጾም ነው። ወይዘሮ ብርቄ ረቡዕና አርብ ውሃ እንኳን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የማይቀምሱ ሴት ናቸው ይባላል። ወተት ሊያጠጡኝ የጠሩኝ በረቡዕ ነው።

አውቃለሁ፣ አሁን ደብዳቤውን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ "አትሂጂ" እያልሽ ነው። ቆይ ልጨርስልሽ።

ሐሙስ እሱ ከሄደ በኋላ እኔም አልሄድም ብዬ ነበር። የራሳቸው ጉዳይ፣ ፍሬን የሠራሁት እኔ አይደለሁም ብዬ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም፣ ግድግዳውን ነው የሰደብኩት። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፣ ላንቺ የበሶ ገብስ ልገዛ። ዳናዊትን ፊት ለፊት አገኘኋት። ጥቁር ለብሳለች። አባቷ ቤት ተመልሳለች መሰለኝ። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፣ እውነቴን ነው፣ ፈለግኩ። ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን በሁለት እጇ ሳበችና ሆዷን ሸፈነችብኝ። ሆዷ ገፍቷል እማ። ከኔ ዓይን ነው የሸፈነችው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ ሰው መሃል ገባች።

ልጅ አይሰደብም ያልሽው አንቺ ነሽ። ያን ስድብ ስሰድብ ያ ልጅ አልነበረም፣ አሁን ግን መጣ። እና ስድቡ ሳይፈታ ሊወለድ ነው? ሰዎቹ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ምናልባት እናትየው በእውነት እንድጠጣላቸው ብቻ ይሆናል የፈለጉት፤ ያን ቀን የሮጡት ሩጫ አሁንም አላለቀላቸው ይሆናል። አበጋዝ ግን ሌላ ነገር ያሰበ ፊት ነው ያለው። ሁለቱንም ባንድ ቤት ነው የማገኛቸው።

ኢርሻድ ይወስደኛል፣ ሚኒባስ የሚነዳው፣ አንቺን ወደ ኤርፖርት የሸኘሽ። እሱ ብቻ ነው አሁንም "ምላጭ" ብሎ የሚጠራኝ። በዚህ ዝናብ ቁልቁለቱን በመኪና አልወርድም አለ፣ እውነቱን ነው። ከላይ መንገዱ ላይ ያቆማል፣ እኔ በእግሬ እወርዳለሁ። "እስከ አሥር ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ?" አለኝ። "ከዚያ በኋላ ልጆች አሉህ፣ ቤትህ ግባ" አልኩት። ተቆጣኝ። ቁጣው ደስ አለኝ።

አንቺ ላይም ቅር ብሎኛል፣ ሳልነግርሽ አላልፍም። ስድቡን በሙሉ አስተምረሽኝ ሄድሽ። ጮጮ ይዛ ከመኪና ኋላ የምትሮጥ ሴት ሲያዩ ምን እንደሚደረግ አላስተማርሽኝም። እዚህ ብትኖሪ ፍሰሐን በጥፊ ትይልኝ ነበር። እዚህ ብትኖሪ ረቡዕ አብረሽኝ ትወርጂ ነበር። ተይው፣ ላንቺም የሚሰድብልሽ ሰው የለም እዚያ።

የቤቱን ቁልፍ ለኤፊ እናት ሰጥቻለሁ፣ ለአበባዮሽ የሚመጡ ልጆች ደጁ ዝግ ሆኖ እንዳይመለሱ። ቡሄ ላይ የገዛሁትን ነጭ ቀሚስ ነው የምለብሰው፤ ወተት ቢፈስበት አይታይም።

እንግዲህ እማዬ፣ የሰው ምንጣፍ ያጎበጠውን ወገብሽን የራስሽ ደጅ ያቅናልሽ። ያቺ ሴትዮ በስምሽ ትጥራሽ። የምትጠጪው ሁሉ ይርጋልሽ። እንቁጣጣሽ ዕለት ደውዪልኝ፤ ካላነሳሁ ኔትወርኩ ነው።

ልጅሽ
የምስራች

አንድ ነገር ረሳሁ። አንቺ ጢቾ ያደግሽ፣ ወተት ታውቂያለሽ። በጥር ተቀድቶ አፉ የታሰረ ወተት እስከ ጳጉሜ ምን ይሆናል? ፉት ብቻ ብለው ይበቃል፣ ወይስ መጨረስ አለብኝ? መልስሽ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።