ለአባቴ ያልተሰፋው ካፖርት

ይድረስ ለአክስቴ፤

መካከላችን ባሕር ቢተኛም እንደምን ከርመዋል? ያ የሚያስቸግርዎ ጉልበት ተሻለው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ላሚቱ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያፈስ ጣሪያችሁ፣ ሁሉም ደኅና? እኔና ባሌ ዴኒስ ከነልጆቻችን ደኅና ነን። ዝናብ ቀርቶብን ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሆኗል፤ ቢሆንም በጎቹ ገና በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ይመስገን።

እናቴ ግን የለችም። አለሳልሼ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። በብርዱ ወራት ሳንባዋን ታማ በሳምንቷ አረፈች። እህትዎ ናትና መጀመሪያ ቁጭ ብለው ያልቅሱላት፤ የቀረው ይደርሳል።

ደብዳቤዎቼን የሚያነብልዎት የበኩር ልጅዎ ኮልማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር ባልጽፈው አይቀየሙኝ።

ሬሳዋን አጥበን ገበታው ላይ ካጋደምናት በኋላ አሮጊቷ ፔግ ቱሂ መጣች። ከእናቴ ጋር በአንድ መርከብ የመጣች፣ እዚያም የጎረቤት ሰበካ ልጅ ናት። እንደሚያውቁት ሙሾ አውራጅ ሟችን የምትጠራት በተወለደችበት ስም፣ በአባቷና በአያቷ ነው። ፔግ ታዲያ፣ «ሳቢና፣ የሙርታ ልጅ፣ ትንሿ ሳቢና» እያለች ጀመረች። እኔ ደነገጥኩ። እናቴ እዚህ አገር ሁሉ ኦኖራ ናት፤ ያገባችውም እኔን ያስጠመቀችውም በኦኖራ ነው። ፔግ ውስኪ ሲቀርብላት እምቢ የምትል ሰው ስላልሆነች፣ ሰክራለች ብዬ አለፍኩት።

ከቀብሩ ማግስት ግን ሄጄ ያዝኳት። አልሰከረችም።

«የሞተችው ሳቢና ናት» አለችኝ። «ኦኖራማ በሕይወት አለች፤ አክስትሽ ናት።»

ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ሊሄድ ሲል፣ ዳግም አይታይምና እንደ ሞተ ተቆጥሮ ሌሊቱን ይለቀስለት የለ? በዚያ ለቅሶ ላይ ፔግም ነበረች። የተለቀሰው ለእርስዎ ነበር፤ የመርከቡ ወረቀትም በስምዎ ነበር። ሲነጋ ግን ሣጥኑን ይዛ የወጣችው ታናሽዎ ሆነች። ለምን? ብዬ ለመንኳት። ፔግ ፒፓዋን ለኮሰችና፣ ያንን ከእኔ አፍ አትሰሚም አለችኝ።

አክስቴ፣ ግራ ገባኝ። እኔ ማንን ነው የቀበርኩት? ጎረቤቱ ሁሉ በእርስዎ ስም ሲጠራት አቤት ስትል የኖረችው ሴትዮ ማን ናት? ሕይወቷን ከሥሩ ልያዘው ብዬ ተቀመጥኩ። ከመርከብ ወርዳ በትልቁ የበግ እርሻ ገረድ ሆና መቀጠሯን አውቃለሁ። እረኛውን አባቴን ማግባቷን፣ በዛፍ ቅርፊት በተሠራ ጎጆ ውስጥ ጠመንጃ ታቅፋ ከዱር ውሻ በጎች መጠበቋን፣ አባቴን ጎርፍ ሲወስደው በሬዎቹን ራሷ እየነዳች ሱፍ ማመላለሷን አውቃለሁ። ከመርከቡ በፊት ያለው ግን ጭጋግ ነው። ስጠይቃት፣ «ድንች ነበር፣ ከዚያ ድንች አልነበረም» ብላ ያንን የረኃብ ዘመን በሳቅ ታልፈው ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ካፖርቱ ልምጣ፤ የጨነቀኝ እሱ ነውና።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከባድ የወንድ ካፖርት ሰፋች። አባቴ አጭር ሰው ነበር፤ ቢለብሰው መሬት ጠረገ። «አውልቀው፣ ያንተ አይደለም» አለችው። ከዚያም ክረምት በመጣ ቁጥር ራሷ ለበሰችው፤ ጎረቤቱ «እመት ካፖርት» እያለ ሲቀልድባት ኖረ። የሟች ልብስ በበኩር ልጅ ትከሻ ሦስት እሑድ ቅዳሴ ካልሰማ፣ ሟች በወዲያኛው ዓለም ራቁቷን እንደምትቆም ያስተማረችኝ እሷው ናት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእሷ ሆድ ግን ከእኔ በቀር ሌላ አላወጣም፤ ስለዚህ የእኔ ዕዳ ነው አልኩ። በፈረስ እየዞረ የሚቀድሰው ቄስ ወደ በግ መሸለቻው ዳስ ሲመጣ ካፖርቱን ደርቤ ሄድኩ። ፔግ በሕዝብ ፊት ከትከሻዬ አወለቀችው።

«ይሄ የበኩሩ ነው» አለችኝ።

እኔ ምኗ ነኝ ታዲያ? አልኳት። አጣጥፋ ክንዴ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በንዴት ጾሜን ዋልኩ።

ቤት ገብቼ ካፖርቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ደብዳቤዎቹ ትዝ አሉኝ። እናቴ ስታስጽፈኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለ ኮልማን ነበር። ቁመቱስ? ትከሻው ሰፋ? ፊደሉንም አሳምሪው ትለኛለች፤ እሱ ነው የሚያነበው። መልስዎ ሲመጣ ደግሞ ሲባጎ ይዛ ጨርቁን ትለካለች። አንድ ቀን ቅናት አንገብግቦኝ፣ ለማታውቂው ልጅ ይሄ ሁሉ፣ ለእኔስ ቀሚስ የታለ? ብያት አለቀስኩ። «አንቺማ እኔ አለሁሽ» አለችኝ። ያኔ መልስ አልመሰለኝም ነበር።

ካፖርቱ ለምን እንዳልተላከም ይገባኛል መሰለኝ። ቢላክ፣ ለምን? የሚል ሰው አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ዘመን ስለደበቁኝ መጀመሪያ በእርስዎ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። አሁን እንኳ ንዴቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግን ያሳደጉትን አሳድገዋል፤ ቁመቱንም ሳይደብቁ ጽፈውላታል። እግዜር ይስጥልኝ።

ዴኒስ መስቀሉን ጠርቦ፣ ምን ብዬ ልቅረጽበት? እያለ ይጠብቅ ነበር፤ ትናንት ሳቢና በል አልኩት። ስምዎን መልሼልዎታለሁ፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይኑሩበት።

ካፖርቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጠቅልሎ መጥቷል። ክርኑ ላይ ጥፌዋለሁ። ኮልማን ሦስት እሑድ ለብሶት ቅዳሴ ይስማ፤ እናቴ በብርድ ቆማለችና እንዳይዘገይ። እዚህ ላይ ሲያነብ ድምፁ ቢቆራረጥ አይቆጡት። የእጅጌው ነገር ልክ ከሆነ፣ ልክ ነው ብለው ብቻ ያስጽፉልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጣሪያችሁ አይፍሰስ፣ እሳታችሁ አይጥፋ።

ከእህትዎ ልጆች አንዷ